ዳገት የማትወጣ ሞተር

አዶኒያስ ያቺን ባለ አራት ጎማ ሞተር ወደ ቤት ያመጣት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በአይሱዙ ጀርባ፣ በአሮጌ ፍራሽ ጠቅልሎ ነው። ነቀምቴ መሐል ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለው፤ አምፖል፣ ሽቦ፣ ሶኬት ይሸጣል። አንድ ደንበኛው የልጆች መዝናኛ ቦታውን ዘግቶ ከተማ ሲለቅ ሞተሯን ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ አያት። ካያት በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

ቀይ ናት። ቁመቷ ከአዋቂ ሰው ጉልበት ብዙም አያልፍም። ጎማዎቿ ግን ወፍራምና ጥርሳቸው የገጠጠ ስለሆነ ከፊት ለፊት ለሚያያት የተቆጣች እንቁራሪት ትመስላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጁ መክሊት ሦስት ጊዜ ዞረቻት፤ ወንበሯን ዳሰሰች፣ ጎማውን በጫማዋ መታ መታ አደረገችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዳገት ትወጣለች?»

«ይቺ?» አለ አዶኒያስ ደረቱን ነፍቶ። «ይቺ ግድግዳ ትወጣለች!»

መክሊት ስለ ዳገት የጠየቀችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤታቸው ጨለለቂ ሠፈር ነው። ከግቢያቸው ጀርባ ተነስቶ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ሰፊ የኮረኮንች መንገድ አለ፤ ከላይ በኩል ጎርፍ ስለቆረጠው መኪና አይገባበትም፣ እግረኛና አህያ ብቻ ነው የሚመላለስበት። የዳገቱ አናት ላይ ጓደኛዋ ቲቲ አለች። ቲቲ እስካለፈው ክረምት ድረስ የአጥር ጎረቤት ነበረች። ቤተሰቦቿ ወደ ላይ ሲዛወሩ ሁለቱ ልጆች አገር የተለያዩ ያህል ተላቅሰዋል።

ከሰዓት በኋላ እናትየው እምነት ከሥራ መጣች። እምነት ነርስ ናት፤ የምትሠራውም አጥንት ክፍል ነው። ሰው ከምን ከምን ላይ እንደሚወድቅ እሷን ያህል የሚያውቅ ሰው በከተማው አይገኝም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

«አዶኒ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጅ መጫወቻ ነው።»

«ቤንዚን የሚጠጣ መጫወቻ?»

አዶኒያስ ሊያረጋጋት ፈለገ። ተንበረከከና መሪው ላይ በአውራ ጣት የሚገፋውን ነዳጅ መስጫ አሳያት። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ሥር አንድ ትንሽ ብሎን አለ። ብሎኑን ባጠበቅሽው ቁጥር ነዳጅ መስጫው ብዙ አይሄድም። እሱ ካልሄደ ሞተሯም አትሮጥም። ፋብሪካው ለእናቶች ብሎ የሠራው ነው።»

ይህን በመናገሩ በኋላ ብዙ ተጸጽቷል። እምነት ካቻቢቴ አስመጣችና ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የሆስፒታል ፕላስተር አወጣች፤ በብሎኑ ላይ ሁለት ዙር ጠቀለለች፤ በእስክሪብቶ ቀኑን ጽፋ ፈረመችበት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እሽግ ነው። የነካው ሰው ይታወቃል።»

ሄልሜት ተገዛ። ዋናው መንገድ ላይ መውጣት ተከለከለ። መክሊትም መንዳት ጀመረች፤ መንዳት ከተባለ። ሞተሯ ከግቢ ስትወጣ ዶሮዎቹ እንኳ ከመንገድ አይነሱላትም ነበር። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ ታቃስታለች፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፤ ከመጀመሪያው ኩርባ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ቲቲ ከላይ እየሮጠች ትወርድና ከኋላ ትገፋለች። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቲቲ መሐል መንገድ ላይ እጇን ከወንበሩ አነሳች፤ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«መኪ፣ እኔ መግፋት ሰልችቶኛል» አለች። «አንቺ ትቀመጫለሽ፣ እኔ እገፋለሁ። ሌላ ቀን አልወርድም።»

እውነቷን ነው። መክሊትም ይህ ገብቷታል። ቲቲ ሳትሰናበታት ወደ ላይ ሄደች፤ መክሊትም ሞተሯን አዙራ በቁልቁለቱ ወደ ቤት ወረደች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ መደብሩ ገባች። «አባ፣ ሞተሯ ጉልበት የላትም» አለችው።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ «ጉልበት» ብትልም አባትየው የሰማው «ፍጥነት» ነበር። አዶኒያስ ሞተር ይወዳል፤ እጁ ግን ሞተር አያውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ላይ ትንንሽ ሞተሮችን እንዴት ማስሮጥ እንደሚቻል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲያይ ሰነበተ። አንድ ሰው አምፖል ሊገዛ ገብቶ ስለ ጭስ ማውጫ ሲነገረው ቆየና አምፖሉን ረስቶ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት እምነት ሥራ ገብታ ሳለ አዶኒያስ መደብሩን ለጊዜው ዘግቶ ቤት ገባ። የሞተሯን የአየር ፍልትሮ አውልቆ ጣለ። የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን፣ ሆድ ዕቃ አወጣ። ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛውን ትንሽ ጥርስ ጎማ አወለቀና በትልቅ ለወጠው። በመጨረሻም ዙሪያውን ቃኘት አደረገ፤ ሚስቱ የፈረመችበትን ፕላስተር ላጠው፤ ብሎኑንም እስከሚችለው አላላው።

ሞተሯ ስትነሳ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። አዶኒያስ ጉልበቱ ጆሮው ጋ እስኪደርስ አጣጥፎ ተቀመጠባትና ከበሩ ወጣ። ሜዳው ላይ በረረች። «ወይ ጉድ!» አለ በደስታ። ዳገቱ ላይ ግን አሥር እርምጃ እንኳ ሳትወጣ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ደንግጦ አዞራት፤ ቁልቁለቱን ስትይዝ ድጋሚ ተነሳች፤ እጁ ፍሬን መያዝ ሲገባው አውራ ጣቱ ነዳጅ መስጫውን ይዞ ቀረ። እሱና ሞተሯ የቆሙት የጎረቤታቸው የእትዬ ሸዋጌጥ እንሰት መሐል ገብተው ነው።

ነቀምቴ ውስጥ ብዙ ሆስፒታል ቢኖር ለእሱ ጥሩ ነበር። አዶኒያስ ያበጠ የእጅ አንጓውን ይዞ አጥንት ክፍል ሲገባ ተረኛዋ ሲስተር እምነት ነበረች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች፣ እጁን ቀስ ብላ እየዳሰሰች።

«ከመደብሩ መሰላል ላይ ወደቅኩ። አምፖል ላወርድ ስል…»

«እህ። እዚህ ጋ ያምሃል?»

«ኡፍ! ያማል።»

«መሰላሉ የት ነበር የቆመው?»

«መደብር ውስጥ ነዋ።»

እምነት ከፀጉሩ ውስጥ ረጅም የእንሰት ቅጠል ስንጣሪ መዘዘች፤ አየችው፤ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጅጌውን ልትሰበስብ ዝቅ አለች። እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ከክርኑ በታች፣ አንድ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ቀን አለው። ፊርማ አለው። ፊርማው የራሷ ነው።

አዶኒያስም አየው።

«አጥንትህ ተሰንጥቋል መሰለኝ፣ ራጅ ትነሳለህ» አለች። «ጀሶ ይገባል። ቤት እንነጋገራለን።»

ቤት ተነጋገሩ፤ ይልቁንም እምነት ተናገረች፣ አዶኒያስ ጀሶውን አቅፎ ሰማ። ሞተሯ ነገውኑ ከግቢ ትወጣለች፤ ይሸጣት፣ ይስጣት፣ ይጣላት፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ልጅቷ እንዲህ ስትበር ብትወድቅስ? አንገቷ ቢሆንስ? ሲያስበው አዶኒያስም አሁን ፈርቷል።

መክሊት ከበሩ ሥር ቆማ ታዳምጥ ነበር። «እኔ ፍጥነት አልጠየቅኩም» አለች።

ሁለቱም ዞር አሉ።

«እኔ የጠየቅኩት ዳገት ነው። አባ ነው ፍጥነት ያደረገው። እማ ደግሞ ፍጥነቱን ነው የምትቆጪው። ስለ ዳገቱ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እምነት የምትናደድበት ነገር ቢኖር ሕመምተኛው ራሱ ሳይጠየቅ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሆስፒታሉ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቃበታለች። ወንበር ስባ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠች። «እሺ» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። የቱ ጋ ነው የምትቆመው? ስትቆም ምን ትላለች?»

መክሊት ሁሉንም ነገረቻት፤ ማቃሰቱን፣ ሽታውን፣ ሾላውን። ስለ ቲቲ ግን ዝም አለች።

በማግስቱ እምነት ብሎኑን መልሳ አጠበቀችና ሞተሯን በጋሪ አስጭና፣ መክሊትን አስከትላ፣ ወደ ደራርቱ ጋራዥ ወሰደቻት። ደራርቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ መንገድ ዳር አንድ ኮንቴነር ውስጥ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ትጠግናለች። ከሁለት ዓመት በፊት የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ እምነት ጋ ተኝታ ነበር፤ ያኔ ስድስት ሳምንት እረፊ ስትባል በሦስተኛው ሳምንት መፍቻ ይዛ የተገኘች ናት።

«አከም ጅርቱ ሲስተር!» አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ምነው፣ ዛሬ ደግሞ እርስዎ በሽተኛ ይዘው መጡ?»

«ፈያ ነኝ፣ ደራርቱዬ። በሽተኛዋ ይቺ ናት።»

ደራርቱ ሞተሯን ዙሪያዋን አየቻት፤ የተሰነጠቀውን ማርሚታ፣ ባዶውን የፍልትሮ ቤት፣ የፊቱን ትልቅ ጥርስ ጎማ። «ኦቦ አዶኒያስ ናቸው እንዲህ ያደረጓት?» አለች ሳቋን አፍና። ከዚያ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታ አወጣችና መዳፏ ላይ አድርጋ ለእምነት አሳየቻት። ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ይሄ የትናንት ጥቁረት አይደለም፣ የቆየ ነው» አለች። «ሲስተር፣ ይቺ ሞተር የተስተካከለችው ለባሕር ጠረፍ፣ ዝቅ ላለ አገር ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። እኛ ደግሞ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቤንዚኑ ግን እዚያ የተለካላት ያህል ይመጣባታል። ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ የምትተነፍሰው የለም።»

«ታፍናለች ማለት ነው» አለች እምነት።

«ኤዬ! ታፍናለች!»

«አየሩን መጨመር ካልቻልን የምትጠጣውን መቀነስ ነዋ።»

ደራርቱ ቀና ብላ አየቻት። «ሲስተር፣ እርስዎ ጋራዥ መክፈት አለብዎት።»

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርብራተር ተፈታ። ውስጡ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን አለች። ደራርቱ ከአንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ መሰሎቿን ዘረገፈች፤ ቀዳዳቸው የሚለያየው በፀጉር ያህል ነው። መክሊት አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች አየችና ጠባቧን መረጠች። ፍልትሮው በአዲስ ተተካ። ማርሚታው በብየዳ ተዘጋ።

«አሁን ትተነፍሳለች» አለች ደራርቱ። «ዳገቱ ግን ይቀራል። መኪዬ፣ ነይ። ሳይክል ላይ ዳገት ስትወጪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ማርሹን ለእግር ቀለል ያለው ላይ አደርገዋለሁ። እግሬ ብዙ ይዞራል፣ ሳይክሉ ቀስ ይላል።»

«እሱ ነው! ጉልበት ስትወስጂ ፍጥነት ትሰጫለሽ። ፍጥነት ስትወስጂ ጉልበት ትሰጫለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጡሽም። አባትሽ የፊቱን ጥርስ ጎማ ትልቅ አደረጉት፤ ሜዳ ላይ በረሩ፣ ዳገት ላይ ሞቱ። እኛ የፊቱን ወደነበረበት እንመልስና የኋላውን፣ ኮሮናውን፣ ትልቅ እናደርገዋለን። ያኔ ዳገት ትወጣለች። ሜዳ ላይ ደግሞ ትዘገያለች።»

«ምን አልሽ?» አለች እምነት።

«ትዘገያለች።»

«ሙሉ ነዳጅ ብትሰጣትም?»

«ሙሉ ብትሰጣትም ሳይክል ይቀድማታል።»

«እስኪ ድገሚልኝ።»

ደራርቱ ደገመችላት። እምነት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስለ ኮሮና ማሰብ ጀመረች። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት ብሎ ነበር። የነዳጅ መስጫው ብሎን መላላት አለበት። «አንገቷን አንቀን ዳገት ውጪ አይባልም» ብላለች ደራርቱ። እምነትም «መጀመሪያ ሠርተሽ አሳዪኝ» ብላ ቀጠሮ ይዛለች።

ልኩ የሆነው ኮሮና ነቀምቴ ውስጥ ጠፋ። ደራርቱ ሦስት ቦታ ደወለችና «ሲሬ፣ ኦቦ ጨመዳ ጋ ይኖራል፤ አሮጌ ሞተር ይፈታሉ» አለች። የሚፈለገውን ልክ፣ ከነቀዳዳዎቹ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣለችላቸው። እምነት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምትተኛበት ቀን ነው፤ ያን እሑድ ግን መክሊትን ይዛ መናኸሪያ ሄደች።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ከከተማ እንደወጡ መክሊት ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስታየው ቆየችና «እማ፣ ቲቲ ተቀይማኛለች» አለች። ከዚያ ስለ መግፋቱ፣ ስለ ሦስቱ ቅዳሜዎች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለማይነጋገሩበት ሳምንት ተረከችላት። እምነት ልጇን ስታዳምጥ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ሰዓት ሙሉ አብረው እንደተቀመጡ ማስታወስ አቃታት። ፈረቃ፣ ተረኝነት፣ ድካም። የልጅቷን ፀጉር ወደ ኋላ መለስ አደረገችላትና «ቲቲ ልክ ናት፤ አንቺም አላጠፋሽም» አለቻት።

ኦቦ ጨመዳ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። የቆርቆሮ መጋዘናቸው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥርስ ጎማዎች ተሰቅለዋል፤ ንፋስ ሲነካቸው ይንሿሿሉ። «በጋ ነጋን ዱፍተን!» ብለው ተቀበሏቸው። ወረቀቱን አዩ፤ መክሊትን አዩ፤ ወረቀቱን ደግመው አዩ።

«ነጂዋ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አለች መክሊት።

«መካኒኳስ?»

መክሊት ወደ እናቷ አመለከተች። እምነት አላስተባበለችም።

ኦቦ ጨመዳ ከግድግዳው አምስት አወረዱ። አራቱ አልሆኑም። አምስተኛው መጠኑ ልክ ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ግን በጣም በትንሹ ወደ ውጭ ሸሽተዋል። ሽማግሌው ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰሩትና ክብ ሊማ፣ የብረት መሞረጃ፣ ለመክሊት ሰጧት። «ሱታ፣ ሱታ» አሏት እጇን ይዘው እያሳዩ፤ «ቀስ በይ፣ ብረት በጉልበት አይሸነፍም።» አንድ ቀዳዳ መክሊት ሞረደች፣ አንዱን እምነት፣ የቀሩትን እሳቸው። ሲጨርሱ የእምነት ጣቶች እስከ ጥፍሯ ጠቁረው ነበር። በመልሱ ጉዞ ኮሮናውን በጋዜጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች፤ ረዳቱ ከላይ ልጫንልሽ ቢላት እንቢ አለች።

ማክሰኞ ኮሮናው ገባ። ካቴናው አጠረና ተቀጠለ። ረቡዕ እምነት ከሥራ ወጥታ ጋራዡ ጋ ስትደርስ ሞተሯ ተነስታ ነበር፤ ድምፅዋ ተለውጧል፤ ማቃሰቱ ቀርቶ ደለብ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ሆኗል።

ከጋራዡ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ፈተኗት። ደራርቱ ከጎረቤት ሳይክል ተበደረች። እምነት ካቻቢቴውን ወሰደችና ብሎኑን በራሷ እጅ አላላችው፤ በየዙሩ ቆም እያለች። «በቃ?» «ትንሽ ይቀራል።» «አሁንስ?» «አሁን በቃ፣ ሲስተር።»

መክሊት ሄልሜቷን አሠረችና ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ገፋች። ሞተሯ ተነሳች። ደራርቱ ሳይክሉን ረገጠች፤ ገና ሜዳው ሳይጋመስ አለፈቻት፤ ከዚያ ዞራ እያየች አንድ እጇን አወናጨፈች። እምነት በደስታ አጨበጨበች። ልጇ ስትሸነፍ እንዲህ የተደሰተች እናት በዚያ ሜዳ ታይታ አታውቅም። ፍሬኑን ራሷ አራት ጊዜ አስያዘቻት፤ አራቱንም ጊዜ ያዘ። ፕላስተሩ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልተጠቀለለም።

ቅዳሜ ሦስቱም ወደ ዳገቱ ወጡ። መክሊት ሞተሯ ላይ ናት፤ እምነት ከጎኗ በእግሯ፤ አዶኒያስ ጀሶውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ።

«ቀድመሽ ፍጥነት ያዢ!» አለ አዶኒያስ።

«አዶኒ፣ ዝም በል» አለች እምነት።

ሞተሯ በሰው እርምጃ ወጣች። ሾላው ጋ ደረሰች። መክሊት ትንፋሿን ያዘች፤ ሞተሯ ግን አልያዘችም፤ ኩርባውን አለፈችው። እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች ከላይ ሲወርዱ ባለቤቲቱ ጥግ አስያዘቻቸውና ቆማ አየች። ከዚያ ጎርፉ የቆረጠው ቦታ መጣ፤ እዚያ መሬቱ እንደ ደረጃ ቀጥ ይላል። የሞተሯ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። እምነት እጇን ልትሰድ ቃጣች።

«አትንኪኝ፣ እማ!»

መክሊት ደራርቱ እንዳስተማረቻት ወገቧን ከወንበሩ አነሳች፤ ደረቷን ወደ መሪው አስጠጋች፤ ነዳጁን ሳትጨምር ሳትቀንስ ያዘች። የኋላ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ጠጠር ረጩ፤ ነከሱ፤ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው።

የቲቲ ቤት በር ላይ ስትደርስ ሞተሩን አጥፍታ ጥሩምባ እንደሌላት ትዝ አላትና «ቲቲ!» ብላ ጮኸች። የወጣችው የቲቲ እናት ናት።

«ውይ መኪዬ! ቲቲ የለችም እኮ። ካንቺ ልትታረቅ ወደ ታች ወርዳለች። በአቋራጩ ነው የሄደችው፣ በአጥሩ ሥር፤ አሁን ደርሳለች።»

አዶኒያስ፣ ትንፋሹ አጥሮት ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ፣ መሳቅ ጀመረና ጀሶው ደረቱ ላይ ዘለለ። እምነትም ሳቀች። መክሊት ግን ሞተሯን እዚያው አቁማ፣ ሄልሜቷን እንዳደረገች፣ በአቋራጩ ሩጫ ጀመረች።

ሁለቱ መሐል ላይ ተገናኙ። ቲቲ ታች ሰው አጥታ እየተመለሰች ነበር፤ እጇ ላይ በላስቲክ የታሰረ ማንጎ ይዛለች፤ አክስቷ ከኡኬ የላከችው ነው። መክሊት ቆማ ታለከልካለች።

«ሞተርሽ የታለች?» አለች ቲቲ።

«እናንተ ቤት ናት።»

«ማን ገፋት?»

«ማንም።»

ቲቲ አላመነችም፤ ሮጣ ወጣችና በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እምነት እንኳ መቆጣጠር አልቻለችም። ሄልሜቱ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው እየተዛወረ ሁለቱ ልጆች በየተራ ያንን ጎርፍ የቆረጠውን ቦታ ሲወጡና ሲወርዱ ዋሉ። የማትነዳዋ በእግሯ እየሄደች «ሱታ! ሱታ!» እያለች ትጮኻለች። እምነት ከታች ቆማ «ፍሬን ላይ ትኩረት አድርጉ!» ትላለች። አዶኒያስ የቲቲ እናት ባቀረበችለት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጤነኛ እጁ ማንጎ ይበላል።

ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ከምዕራብ በኩል ጠቆረና የግንቦት ዝናብ ወረደ። ሁሉም ወደ ቤት ገቡ። ሲያባራ ኮረኮንቹ ጭቃ ሆኖ ነበር፤ እምነት አንድ ጊዜ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

«በዚህ ጭቃ ቁልቁለት አትነዳም» አለች። «እዚሁ ትደር።»

ጭቃው ቶሎ አልደረቀም፤ በየቀኑ ዘነበ። ሞተሯ የቲቲ ቤት በረንዳ ላይ ሸራ ለብሳ አንድ ሳምንት ሰነበተች። መክሊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትጥልና ሁለት ጨርቅና አንድ ብሩሽ ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከቲቲ ጋር ካቴናውን ያጸዳሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ ሞተሯን ትንሽ አስነስተው ያጠፋሉ፣ ካንዴላውን ፈተው ቀለሙን ያያሉ። ሐሙስ ዕለት ጥቁረቱ ለቆ ቀለሙ ቡና ዓይነት ሆኖ አገኙትና መክሊት ሮጣ ወርዳ ለእናቷ ነገረቻት። እምነት የሥራ ጋውኗን ገና አላወለቀችም ነበር። «ጥሩ ነው» አለች፤ «ጥሩ እየተነፈሰች ነው ማለት ነው።» ከዚያ ጫማዋን ቀየረችና ራሷ ልታይ ተከትላት ወጣች።